የጨዋታው መኪና መስመር ሲቋረጥ ጥፋቱን ከወዴት እንፈልገው?

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር ለአንባቢ እንዲስማማ ሆኖ የታተመ)



በካዛንቺስ ካሉት ፎቅ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሆነውን ነገር በመንገር ልጀምር። የቤቱ አባት የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። የ14 ዓመት ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ ሲመሽ ዋሽንግተን ገና ቀትር በሆነ ጊዜ፣ በዚያ ከሚኖረው ከአክስቱ ልጅ ጋር በፕሌይስቴሽን የእግር ኳስ ይገጥማል። ሁለቱ ልጆች ዓይን ለዓይን የተያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዝምድናቸው ጸንቶ የሚኖረው በዚህ ጨዋታና በጨዋታው መካከል በሚለዋወጡት ወሬ ነው። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው መስመሩ ተቋረጠ። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ሳምንቱ ነበርና፣ በማዶ ያለው ልጅ «ሲሸነፍ አውቆ ይወጣል» ብሎ ተቀየመ። ይህኛውም «እኔ ምንም አልነካሁም» እያለ ለአባቱ ቢምል፣ አባት በሙሉ ልብ አላመኑትም።

የሆነ ሆኖ አባት ናቸውና በማግሥቱ ከደመወዛቸው ቀንሰው ፈጣን የተባለውን የኢንተርኔት ጥቅል ገዙ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መስመሩ እንደ ቀድሞው ተቋረጠ። ገንዘቡ ወጣ፤ ልጁም ከሐሜት አልዳነ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት እኚህን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ብዙዎቻችን ሕመሙን ሳንመረምር መድኃኒቱን ስለምንገዛ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፍ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ከቤት ሳይወጡ እንዴት እንደሚታወቅ በተራ በተራ እንመለከታለን።

በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ደብዳቤ ጠፋ በተባለ ጊዜ የሚያደርገውን ያውቃል። መጀመሪያ የወጪ መዝገቡን ይገልጣል፤ ቀጥሎ ተላላኪው ያስፈረመበትን ደብተር ያያል፤ በመጨረሻም የተቀባዩን መሥሪያ ቤት ገቢ መዝገብ ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት ደብዳቤው ከየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ቀረ ይታወቃል። የጨዋታው መኪና የሚልከው መልእክትም እንዲሁ በአራት ጠረጴዛ ያልፋል። የመጀመሪያው ከመኪናው እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ነው። ሁለተኛው ራውተሩ ራሱ ነው። ሦስተኛው ከቤት እስከ ቴሌ፣ ከቴሌም እስከ ባሕር ማዶ የሚደርሰው መስመር ነው። አራተኛው ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሰርቨር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሩቁን ጠረጴዛ መጠየቅ ይሻላል፤ ገንዘብም ድካምም የለውምና። ኩባንያዎቹ አገልግሎታቸው ደኅና መሆን አለመሆኑን የሚያስታውቁበት ገጽ ስላላቸው በእጅ ስልክ ይመልከቱት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 የፕሌይስቴሽን አገልግሎት በብዙ የዓለም ክፍል ተቋርጦ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ነበር። በዚያን ዕለት ራውተሩን እያጠፋ ሲያበራ ያመሸ ሰው ሁሉ የደከመው በከንቱ ነው።

ቀጥሎ በቤት ውስጥ ያሉትን መብራቶች ያንብቡ። የፋይበር መስመር በገባበት ቤት፣ ገመዱ የሚገባባት ሣጥን በፊቷ ላይ ትንንሽ መብራቶች አሏት። ከእነርሱ አንዱ ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው። ምናልባት ገመዱ ከመሰኪያው ወጥቶ ወይም ክፉኛ ታጥፎ እንደ ሆነ ይዩ። ይህ ካልሆነ ግን ገመዱ በውጭ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስና ሲቆፈር አይተናል፤ መሬት በሚቆፈርበት ስፍራ ሁሉ የተቀበረ ገመድ ለአደጋ መጋለጡ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን በቤት የሚደረግ ጥገና ስለሌለ፣ መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994 ደውሎ ማስታወቅ ነው።

የኤሌክትሪክ መብራት ጠፍቶ በመጣ ጊዜም ሌላ ስሕተት ይደርሳል። ራውተሩ ሥራውን እስኪጀምር ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የጨዋታው መኪና ግን ከእርሱ ቀድሞ ይነሣና «መስመር የለም» ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁሉንም ያጥፉ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የፋይበሩን ሣጥን፣ ቀጥሎ ራውተሩን ያብሩ። መብራታቸው ሲረጋ በመጨረሻ መኪናውን ያብሩ።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ መስመሩ አልፎ አልፎ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከመኪናው እስከ ራውተሩ ባለው መንገድ ላይ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። የእኚያ አባት ቤት ነገርም የተገለጠው ከዚሁ ላይ ነው። አባት በመሥሪያ ቤት ልማዳቸው ለልጃቸው አንድ ደብተር ሰጡትና አራት ዓምድ አሠመሩበት፤ ይኸውም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሆነው ነገር፣ በዚያን ጊዜ በቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው ዕቃ። ልጁ ሁለት ሳምንት ያህል እየተጫወተ ሲመዘግብ ቆየ። ደብተሩ በተገለጠ ጊዜ መስመሩ የሚቋረጠው ሁልጊዜ እራት በማይክሮዌቭ በሚሞቅበት ሰዓት ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዋይፋይ ማለት ሬዲዮ ነው። ሁለት ዋና ዋና መስመሮች አሉት፤ አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለተኛው በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ ለማለፍ ይበረታል፤ ነገር ግን ሳይደራረቡ ሊሠሩበት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በፎቅ ቤት በላይ፣ በታችና በጎን ያለው ጎረቤት ሁሉ እነዚህኑ ይሻማል። የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ፣ ከመዝጊያው ጥቂት ሞገድ ቢያመልጥ የዋይፋዩን ንግግር ይረብሻል። የ5 ጊጋኸርዙ መስመር ከዚህ ሁከት የራቀ ነው፤ ሆኖም የኮንክሪት ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። በዚያ ቤት ራውተሩ የተቀመጠው ከወጥ ቤቱ አጠገብ፣ የልጁ ክፍል ደግሞ በሦስት ግድግዳ ማዶ ነበር።

እርስዎም ይህን በራስዎ ቤት ለመፈተን ኮምፒዩተር በልጁ ክፍል አስቀምጠው፣ በዋይፋይ እንደ ተያያዘ፣ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ ራውተሩን ይጥሩት፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መልሱ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ ደኅና ነው። መልሱ አንድ ጊዜ 5፣ አንድ ጊዜ 200 የሚል ወይም ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ በቤትዎ ውስጥ ነውና ቴሌን አይውቀሱ። መድኃኒቱም የኔትወርክ ገመድ ነው። ይህ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ስለሚሠራ ለቤት ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ ራውተሩን ከወጥ ቤት አርቆ፣ ከፍ ባለና ባልተሸፈነ ቦታ ማስቀመጥ፣ መኪናውንም ወደ 5 ጊጋኸርዙ መስመር ማዛወር ይጠቅማል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ እንምጣ። አንዳንድ ጊዜ መኪናው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ሳለ ከጓደኛ ጋር መጫወት ወይም መነጋገር ይከለክላል። በዚህ ጊዜ በመኪናው ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የመስመር ፈተና ያሠሩና «ናት» የሚለውን መልስ ያንብቡ። ፕሌይስቴሽን 1፣ 2 ወይም 3 ብሎ ይመልሳል፤ ኤክስቦክስ ደግሞ ክፍት፣ መካከለኛ ወይም ጥብቅ ይላል። 3 ወይም ጥብቅ ካለ ችግሩ ያለው ከዚህ ነው።

ናት ምን እንደሆነ በፖስታ ሣጥን ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሁሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጻጻፋሉ እንበል። መዝገብ ያዡ ማን ለማን እንደ ጻፈ ስለሚያውቅ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። ከማይታወቅ ሰው፣ የተቀባዩ ስም ሳይኖርበት የመጣውን ግን ይመልሰዋል። ራውተሩም እንዲሁ ነው። በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ «ዩፒኤንፒ» የተባለውን ሲከፍቱ፣ የጨዋታው መኪና ለመዝገብ ያዡ «ለእኔ የሚመጣውን ተቀበልልኝ» ብሎ ማስታወቅ ይችላል። ሆኖም ጥበቃውን በሙሉ አያጥፉ፤ የራውተሩንም የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደ መጣ አይተዉት። በቤት ውስጥ ሁለት ራውተር ተከታትሎ ከተተከለ ሁለት መዝገብ ያዥ አለ ማለት ስለሆነ አንዱ ብቻ ይህን ሥራ ይያዝ። በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ደግሞ፣ አገልግሎት ሰጪው ብዙ ደንበኞችን በአንድ ትልቅ ሣጥን አጠራቅሟል ማለት ነው። ይህን ከቤት መለወጥ አይቻልም፤ የራስ የሆነ የሕዝብ አድራሻ ይሰጥ እንደ ሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ፍጥነትና ስለ መዘግየት እንናገር፤ ገንዘባችን የሚባክነው ሁለቱን ባለመለየት ነውና። ከካዛንቺስ አጠገብ ባለው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሳይገባ፣ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎች ከተጠራቀሙ በኋላ በስልክ መስመር ባንድነት ይላኩ ነበር። ደብዳቤ ለሰዓታት ቢዘገይ ትርጉሙ አይለወጥም። የኳስ ጨዋታ ግን የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ቢዘገይ ኳሱ ከእግር ያመልጣል።

ጥቅል ሲገዛ የሚጨምረው የመንገዱ ስፋት እንጂ የርቀቱ ማጠር አይደለም። የካዛንቺስ መንገድ ስለ ሰፋ ጅቡቲ አልቀረበችም። በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለኩ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ ደርሶ መልሱ ከ115 ሚሊ ሴኮንድ ሊያንስ አይችልም። ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ከጅቡቲ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ወደ ሜዲትራንያን ሲዞር መዘግየቱ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ውስጥ ያሉ ገመዶች በተጎዱ ጊዜ የብዙ አገሮች መልእክት በሌላ መንገድ መዞር ግድ ሆኖበት ነበር።

በሌላ በኩል ጨዋታው ራሱ ብዙ ስፋት አይፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ1 ሜጋቢት ያነሰ ይበቃዋል። ሰፊ መስመር የሚጠቅመው አዲስ ጨዋታ ሲወርድ ነው። 50 ጊጋባይት የሚመዝን ጨዋታ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመውረድ 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንዲህ ያለውን ሥራ ቤተሰቡ ለተኛበት ሌሊት መተው ነው። በጨዋታ ሰዓትም ሌላው የቤት ሰው ረጅም ቪዲዮ ወደ ውጭ እንዳይልክ መስማማት ያስፈልጋል፤ መስመሩ በወጪው በኩል ሲጨናነቅ የጨዋታው መልእክት ተራ ይጠብቃልና።

እንግዲህ የዚያን ቤት ነገር እንፈጽም። አባት 20 ሜትር ገመድ ገዝተው በግድግዳው ጥግ ዘረጉ፤ ትልቁንም ጥቅል ትተው ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ልጁ ኳሱን ሲመታ ጥቂት መዘግየት ዛሬም አለ፤ እርሱ የባሕሩ ነው። መቋረጡ ግን ቀረ። አባትም ዋሽንግተን ወዳለችው እኅታቸው ደውለው፣ ደብተሩን በእጃቸው ይዘው፣ ጥፋቱ የልጃቸው ሳይሆን የምድጃው እንደ ነበረ ቀኑንና ሰዓቱን እየጠሩ አስረዱ። ከዚያም ልጁን ወደ አጠገባቸው ጠርተው፣ «ስትምልልኝ አላመንሁህም ነበር፤ ይቅር በለኝ» አሉት። ቅዳሜም ጨዋታው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ ተካሄደ። ልጁ ሦስት ለአንድ ተሸነፈ፤ ሽንፈቱንም ሳይሸሽ ተቀበለ።

እርስዎም በቤትዎ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ፣ ከቁጣውም ከግዢውም በፊት ደብተር እንዲያስቀድሙ እየመከርሁ በዚህ እፈጽማለሁ።