የዓይን ሌዘር ሕክምና ደረሰኝ ግብር ያስቀንሳል?

ጅማ የሚያስተምር፣ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ መምህር አለ እንበል። ለዓመታት ያደረገው መነጽር ሰልችቶት አዲስ አበባ ወጥቶ ዓይኑን በሌዘር ታከመ። ወጪው የብዙ ወራት ደመወዙን በላ። ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍል ቢያቀርብ ግብሩ ይቀነስለታል?

አይቀነስለትም። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የመጀመሪያው 2,000 ብር ደመወዝ ከግብር ነጻ ነው፤ ቀድሞ 600 ብር ነበር። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል። መምህሩ ግብር 2,250፣ ጡረታ 840 ብር ተቆርጦለት እጁ የሚገባው 8,910 ብር ነው። ቢታከምም ባይታከምም ሒሳቡ ያው ነው።

ምክንያቱ የአሠራሩ ሥሪት ነው። የደመወዝ ግብር የሚሰላው ከጠቅላላ ደመወዙ ላይ ሲሆን ቀንሶ የሚያስገባውም አሠሪው ነው። ደመወዝተኛው በዓመቱ መጨረሻ ግብሩን ራሱ ስለማያሳውቅ ደረሰኝ የሚያቀርብበት ቦታ የለውም። የአጋሮ ቡና ነጋዴ ግን በየዓመቱ ያሳውቃል፤ ሆኖም ተቀናሽ የሚሆንለት የንግዱ ወጪ እንጂ የግል ወጪው አይደለም። ቡና አምራቹ ገበሬ ደግሞ ለክልሉ የሚከፍለው በመሬቱ ስፋት ነው።

በአሜሪካና በካናዳ የሌዘር ዓይን ሕክምና ለግብር ከሚያዙ የሕክምና ወጪዎች አንዱ ነው። ግን እዚያም ገደብ አለው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ተቀናሽ የሚሆንለት የዓመቱ የሕክምና ወጪው ከገቢው 7.5 በመቶ ሲያልፍ፣ እሱም ያለፈው ብቻ ነው።

እኛ ጋ ያለው በር ሌላ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 65፣ በመመሪያ በሚወሰነው መጠን፣ አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለውን ትክክለኛ ወጪ ከግብር ነጻ ያደርጋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ የሚለው ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ሲከፍል ግብር በተቆረጠበት ገንዘብ ታከመ ማለት ነው፤ አሠሪው ሲከፍልለት ግን ክፍያው ደመወዙ ላይ ተደምሮ ግብር አይቆረጥበትም።

አሠሪ ለሌለው ሰው መንግሥት የመረጠው መንገድ መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዱ የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን ደግሞ አዋጁ ቁጥር 690 በ2002 ቢወጣም ሥራው ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። የዚህ መድን ደንብም ቢሆን መነጽር አይሸፍንም።

ሌዘር ለጥቂቶች ነው፤ መነጽር ግን የብዙዎች ጉዳይ ነው። በ1998 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ የዓይን እይታቸው ከደከመ ሰዎች የሲሶ ያህሉ ችግር መነጽር የሚያስተካክለው ነበር። ሕጉ ይሻሻል ከተባለ መጀመር ያለበት ከመነጽሩ ነው። እስከዚያው ዓይንዎን ለመታከም የሚያስቡ ደመወዝተኛ ከሆኑ፣ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት የመሥሪያ ቤትዎን የኅብረት ስምምነትና የሕክምና መመሪያ ያንብቡ።