የእናት በግ ወተት ለማን ነው?



በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ ትምህርቷ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀች ናት። ስሟ ሲነሣ ግን በሉቃስ 2 የምናነብባቸውን እረኞችም ያሳስበናል። ዛሬም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ በግ የድሀ ቤት ተቀማጭ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ አስቀድሞ ወደ ገበያ የሚወጣው እርሱ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እንደታየው፣ ተሸጦ ያለቀን መንጋ መልሶ ማቆም ዓመታት ይፈጃል።

«በጎች ካሉ ወተታቸው ለሕፃናት ለምን አይታለብም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው መልካም ነው። የበግ ወተት ከላም ወተት ይወፍራል፤ ቅባቱ ከመቶ 6 እስከ 7 እጅ ይደርሳል። እንደ መካከለኛው ምሥራቁ አዋሲ ያሉ ለወተት የሚረቡ ዘሮችም አሉ። አዋሲ በአገራችንም ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሏል፤ ነገር ግን ትልቅ አካል ብዙ መኖ ይሻል። የደጋችን በግ ለወተት ተመርጣ የተራባች አይደለችም፤ የምታግተው ለግልገሏ ያህል ነው። ሕዝቡም የበግ ወተት የመጠጣት ልማድ የለውም። ስለዚህ መልሳችን አጭር ነው፤ ወተቱ አስቀድሞ የግልገሉ ነው። ግልገሉ ካደገ ለቤቱ እህል፣ ደብተርና ልብስ ይሆናል።

ታዲያ ግልገሉ ጠግቦ እንዲያድግ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጊዜውን እንምረጥ። በግ የምታረግዘው 5 ወር ያህል ነው። አውራው በሚያዝያና በግንቦት ቢለቀቅ ግልገሎች ሣር በሞላበት በመስከረምና በጥቅምት ይወለዳሉ። በሌላው ጊዜ አውራውን ለይቶ ማሰር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ እናቲቱን ከመውለዷ በፊት እንመግባት። ግልገል በማኅፀን አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው፤ ግቷም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። የባቄላና የአተር ገለባ፣ አተላ፣ ጥቂት ጨው፣ ከተገኘም የኑግ ፋጉሎ ይሰጣት። ረግረግ ላይ አትሰማራ፤ የጉበት ትል ከዚያ ይመጣልና።

ሦስተኛ፣ እንገሩ አይደፋ። ግልገሉ በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጥባ። በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ ቀኑ ካለፈ አንጀቱ ይህን ኃይል መቀበሉን ያቆማል። መጥባት ያቃተው ግልገል ሁለት ሲኒ ያህል እንገር ታልቦ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። እትብቱ አዮዲን ይቀባ፤ ጉሮኖውም ደረቅና ከነፋስ የተከለለ ይሁን።

ግልገሉ 2 ወር ሞልቶት ሣር መንጨት ከጀመረና እናቲቱም ካልከሳች፣ ለታመመ ወይም ለከሳ ሕፃን ጥቂት ማለብ ይቻላል። ግልገሉ ሌሊት ለብቻው ያድራል፤ ጧት አንድ ጊዜ ይታለባል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከእናቱ ጋር ይውላል። ወተቱ ሳይፈላ ለማንም አይሰጥ፤ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለና። የጾሙን ሥርዓት የሚጠብቁ ቤተሰቦችንም እናክብር።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የሥራችሁን ፍሬ በታደሉት በጎች ቁጥር ብቻ አትለኩት። ስንት ግልገሎች ጡት እስኪጥሉ ደረሱ? ብላችሁ ጠይቁ። የምትረዱን ምእመናንም፣ ስጦታችሁ በግ ብቻ ሳይሆን መኖና መድኃኒትም እንዲሆን ፍቀዱልን።

ምሳሌ 27፡23 የመንጋችንን ሁኔታ አጥብቀን እንድናውቅ ያዝዘናል። ማወቅ የሚጀምረው ማለዳ ወደ ጉሮኖው ገብቶ የግልገሉን ሆድ በመዳሰስ ነው። በጸሎታችሁ አስቡን።