የወባ መድኃኒት ከቀጭን ቱቦ

ወባ ይዟችሁ ኮአርተም ከዋጣችሁ፣ የመድኃኒቱ መነሻ አርቴሚሲኒን ነው። የሚገኘው የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ተክል ሲሆን፣ ከደረቀው ቅጠል ቢበዛ 1 በመቶ ገደማ ቢወጣ ነው። ስለዚህ ምርት ሲቀንስ ዋጋው ይሰቀላል።

ከቅጠሉ ጋር ተጨምቆ የሚወጣ፣ ግን ተረፈ ምርት ሆኖ የሚቀር አርቴሚሲኒክ አሲድ አለ። ይሄን ትንሽ ቀይሮ አርቴሚሲኒን ለማድረግ ኦክስጅንና ብርሃን ይፈልጋል። ችግሩ ትልቅ ጋን ውስጥ ብርሃኑ ከዳር አያልፍም፤ መሃል ያለው ፈሳሽ ጨለማ ውስጥ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. ጀርመን ፖትስዳም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም፣ ፍራንሷ ሌቬክና ፒተር ዜበርገር ምን አደረጉ? ቀጭን ቱቦ መብራት ላይ ጠመጠሙና ፈሳሹን ከኦክስጅን ጋር በውስጡ አሳለፉት። በቃ! ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ ሁሉም ጋ ይደርሳል። በ4 ደቂቃ ተኩል ገደማ በሌላኛው ጫፍ አርቴሚሲኒን ይወጣል።

ማይክሮሪአክተር የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ብዙ ለማምረት ጋን ማሳደግ የለም፤ ሳያቋርጡ ማስኬድ ወይም ቱቦ መጨመር ነው። በአንድ ጊዜ ውስጡ ያለው ትንሽ ስለሆነ የፍንዳታ ስጋቱም ይቀንሳል።

እርግጥ በዚያ የመጀመሪያ ሙከራ የተገኘው ምርት 39 በመቶ ብቻ ነበር። ግን የተሠራው ከተረፈ ምርት ነው።