ሴቶች በጠፈር ጉዞ፦ አርአያ መታየቱ ብቻውን ይበቃልን?

እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1963 ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ የተባለች የ26 ዓመት ሶቪየታዊት በቮስቶክ 6 መንኮራኩር ብቻዋን ወደ ጠፈር መጠቀች። ቀደም ሲል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛና በትርፍ ጊዜዋ የዣንጥላ ዝላይ ስፖርተኛ ነበረች። ሦስት ቀን ያህል ቆይታ ምድርን 48 ጊዜ ዞራ በሰላም ተመለሰች፤ ዝናዋም በመላው ዓለም ናኘ። ይሁን እንጂ ሁለተኛዋ ሴት ስቬትላና ሳቪትስካያ ወደ ጠፈር የወጣችው በ1982፣ ማለትም ከ19 ዓመት በኋላ ነው። አርአያዋ በግልጽ እየታየች ተከታይ የዘገየው ለምን ይሆን?

ስም ሳይጠራ የሚያግድ መመዘኛ

መልሱን ለመረዳት በአሜሪካ የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። ናሳ በ1959 የመጀመሪያዎቹን 7 ጠፈርተኞች ሲመርጥ፣ ዕጩዎች የሙከራ አብራሪነት ትምህርት ቤት ምሩቃንና የጄት አብራሪዎች እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር። መመዘኛው ሴቶችን በስም አልከለከለም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ጦሩ ሴቶችን በዚህ ትምህርት ቤት አይቀበልም ነበርና ውጤቱ ከክልከላ አይለይም። ጄሪ ኮብ ከ7,000 የበረራ ሰዓት በላይ ያላት አብራሪ ነበረች። እርሷና ሌሎች 12 ሴቶች በ1960 እና በ1961 በአንድ የግል ክሊኒክ ለወንዶቹ የተሰጠውን የመሰለ የአካል ምርመራ አልፈዋል። ጉዳያቸው በ1962 እስከ ምክር ቤት ቢደርስም መመዘኛው አልተለወጠም።

በሩ ሲከፈት

ሻትል የተባለው መንኮራኩር ሲታቀድ ሁኔታው ተለወጠ። ብዙ ሰው ስለሚይዝ ከአብራሪዎች ሌላ ሳይንቲስቶች፣ መሐንዲሶችና ሐኪሞች አስፈለጉ፤ አብራሪነት የማይጠየቅበት የሥራ መደብም ተከፈተ። በ1977 ደግሞ “ስታር ትሬክ” በተሰኘው ተከታታይ ፊልም የመንኮራኩር መኮንን ሆና የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ኒሼል ኒኮልስ ከናሳ ጋር ተዋውላ፣ ሴቶችና ጥቁሮች እንዲያመለክቱ ትቀሰቅስ ጀመር። ከ8,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ከእነርሱም ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። በ1978 ከተመረጡት 35 ዕጩዎች 6ቱ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዷ የፊዚክስ ሊቋ ሳሊ ራይድ በ1983 በረረች።

የኒኮልስን ፊልም በልጅነቷ ትመለከት የነበረችው ሜይ ጄሚሰን የኬሚካል ምህንድስናና የሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ በ1987 ተመረጠች። በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። በፊልም የታየው ገጸ ባሕርይ በእውነተኛ ሰው ተተካ ማለት ነው።

የልብስ ልክ ጉዳይ

መሰናክሉ ግን በምርጫ ብቻ አያበቃም። የጠፈር ልብስ የደረት ክፍል ጠጣር ስለሆነ፣ ልኩ ከሰውነት ጋር ካልተስማማ ትከሻና እጅን እንደልብ ማንቀሳቀስ አይቻልም። በማርች 2019 ሁለት ሴቶች አብረው ከጠፈር ጣቢያው ውጭ ሊሠሩ ታቅዶ የነበረው ተግባር፣ ለሁለቱም የሚስማማው መካከለኛ ልክ ተዘጋጅቶ የተገኘው አንድ ብቻ በመሆኑ ተለወጠ። ክሪስቲና ኮክና ጄሲካ ሜየር ይህን ሥራ በጥምረት ያከናወኑት በኦክቶበር 18 ቀን 2019 ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አርአያ ምኞትን እንደሚቀሰቅስ፣ ምኞት ግን ያለ ፍትሐዊ መመዘኛና ያለ ተስማሚ መሣሪያ ከግብ እንደማይደርስ ነው። ቴሬሽኮቫ ብቻዋን ታየች፤ ከራይድ በኋላ የመጡት ግን የተከፈተ በር አገኙ። ስለዚህ በአንድ የትምህርት ክፍል ሴት ተማሪዎች ጥቂት ሆነው ሲገኙ “ፍላጎት የላቸውም” ከማለት አስቀድሞ መመዘኛውን መመርመር ይገባል።