የቤት ሊፍት በር ስትመርጡ

የቤት ሊፍት ያማረው ሰው ካታሎግ ሲያገላብጥ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙና መስታወቱ ላይ ነው። እኔ ግን ስለ በሩ ላውራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው!

ለነገሩ የአብዛኛው ሊፍት በር አንድ አይደለም። አንዱ በየፎቁ ግድግዳ ላይ የተተከለ ነው፤ ሌላው ከካቢኑ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የፎቁ በር ካቢኑ መጥቶ ካልቆመ አይከፈትም፤ ተዘግቶ ካልተቆለፈ ደግሞ ሊፍቱ ንቅንቅ አይልም። ታዲያ አደጋው ከየት ይመጣል? በሁለቱ በሮች መካከል ካለው ክፍተት። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት እዚያ ገብተው፣ የፎቁ በር ከኋላቸው ተዘግቶ፣ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ሞተዋል። የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው። የአሜሪካ የሊፍት ደረጃም ክፍተቱ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል። ልጅ ያለበት ወይም የልጅ ልጅ የሚመላለስበት ቤት ከሆነ፣ ሻጩን ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁት።

ቀጥሎ የቦታ ሂሳብ ነው። እንደ መኝታ ቤት በር ተስቦ የሚከፈተው ርካሽ ነው፤ ሊፍቱ ከሚመላለስበት ጉድጓድ ስፋትም ብዙ አይወስድም። ግን ፊት ለፊቱ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው በሩን እየሳበ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አስቡት! ለእሱ በራሱ የሚንሸራተተው ይሻላል፤ በሩ ሲከፈትም 80 ሳንቲሜትር ማለፊያ ይኑረው። ከመሃል ለሁለት የሚከፈለው ያምራል፤ ነገር ግን ሁለቱ ክንፎች ግራና ቀኝ የሚደበቁበት ስለሚያስፈልግ ለ80 ሳንቲሜትር ማለፊያ ጉድጓዱ ከ160 በላይ መስፋት አለበት። ሁለቱም ክንፎች ተደራርበው ወደ አንድ ጎን የሚሄዱ ከሆነ 120 ላይ ትንሽ ጨመር ማድረግ ይበቃል። በጠባብ ጂ ፕላስ 2 ቤት ይህ ልዩነት አንድ ቁም ሣጥን ያህል ቦታ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? የሊፍቱ መጠባበቂያ ባትሪ ካቢኑን ፎቅ ላይ ማድረሱ ብቻውን አይበቃም፤ በሩንም መክፈት አለበት። ያ እንደ መኝታ ቤት በር ያለው ግን ከውስጥ በእጅ ተገፍቶ ስለሚከፈት እዚህ ላይ ይሻላል።

ወደ ፊኒሺንጉ ስንመጣ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀውን ስቴንለስ እኔ አልመርጠውም። የጣት አሻራ አይሸሽግም፤ ጭረት ሲያገኘውም ከሩቅ ይታያል። ቀጭን መስመር ያለው ሸካራው ስቴንለስ ይሻላል። መስታወት ከሆነ ምርጫችሁ፣ ሲሰበር ስብርባሪውን ይዞ የሚያስቀረው ድርብርቡ ይሁን።

ግንባታው ሳያልቅ በሩ ከተገጠመ መከላከያ ፕላስቲኩን አትላጡት፤ ሲያልቅ ግን ቶሎ አንሱት፣ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይጣበቃል። ተንሸራታቹ በር የሚሄድበት ቦይም የሲሚንቶ አቧራና ጠጠር ስለሚሰበስብ ቶሎ ቶሎ ይጠረግ። ስቴንለሱን በሽቦ አትፈትጉት፤ ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ መስመሩን ተከትላችሁ ወልውሉት።