ከጦር ሠራዊት የወጡ ካሚዮኖችን በነጠላ ትልቅ ጎማ ስለ መለወጥ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሀና ማርያም አንድ ባለካሚዮን ነጋዴ የጻፉልን ጥያቄ አለ። ከጦር ሠራዊት አገልግሎት የወጣ ባለ ሦስት አክስል ካሚዮን በጨረታ ገዝተዋል፤ የኋላ ጎማዎቹ በየወገኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገጠሙ፥ ልካቸውም 11.00–20 ነው። ካሚዮኑ ለግንባታ የሚሆን ድንጋይና አሸዋ ያመላልሳል። በበጋ ሥራው የተቃና ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ግንባታው ቦታ በሚያደርሰው ዋልካ ላይ እየሰጠመ፥ ለማስጎተቻ የሚከፈለው ገንዘብ የጭነቱን ዋጋ ይበላዋል። አንድ የጋራዥ ባለሙያም ጥንዶቹን ጎማዎች አንሥቶ በየቦታቸው አንዳንድ 14.00–20 ጎማ ቢገጠም ችግሩ እንደሚያበቃ መክሯቸዋል። እኒህ ነጋዴ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ነገሩ አዋጪ መሆን አለመሆኑን ሊያውቁ ይፈልጋሉ። ጥያቄው የብዙዎች ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ማውጣትን መርጠናል።

ባለሙያው ስለ ጭቃው የተናገረው እውነት ነው። ስለ ጭነቱ፥ ስለ ፍሬኑና ስለ ቸርኬው ግን ያልተናገረው ብዙ ነገር አለ።

የጦር ካሚዮን ወደ ነጋዴ እጅ መግባቱ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያ ድል ሆና ስትወጣ ትታቸው ከሄደችው ካሚዮኖች መካከል ፊያት 634 የተባለው ይገኝበታል፤ ሕዝቡም ቁጥሩን በጣሊያንኛ እንደ ሰማው ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» ሲለው ኖሯል። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የአሜሪካ፥ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያና ተሽከርካሪ በተከታታይ ገባ። ለጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር በእነዚህ ወገኖች መካከል ያለው የጎማ ልዩነት ነው። የአሜሪካኖቹ ሁለት ቶን ተኩል ካሚዮኖች በአብዛኛው ከኋላ ጥንድ ጎማ ያላቸው ሲሆኑ፥ ዚል 131 እና ኡራል ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ከፊትም ከኋላም ነጠላ ትልቅ ጎማ የተገጠመላቸው ናቸው። የቀድሞዎቹ ኡራሎች የጎማ ልክም ይኸው 14.00–20 ነው።

ሶቪየቶች ወደዚህ አሠራር የመጡት በችግር ተገደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 መሥራት የጀመሩት ዚል 151 በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ ካገኙት ከስቱድቤከር ካሚዮን አሠራር ብዙ የወሰደ ሲሆን፥ የኋላ ጎማዎቹ ጥንድ ነበሩ። የፊት ጎማ ያወጣው ፈር ለኋላው ጥንድ ስለማይበቃ፥ የኋላ ጎማዎች በጭቃና በበረዶ ላይ አዲስ ፈር ማውጣት ግድ ሆነባቸው፤ የሞተሩም ኃይል በዚሁ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተተካው ዚል 157 በስድስቱም ቦታ ነጠላ ጎማ፥ እንዲሁም ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን ነፋስ የሚቀንስበትና የሚጨምርበት መሣሪያ ነበረው። አሜሪካኖችም ዘግይተው በዚሁ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተሠሩት ኤም 939 ከተባሉት አምስት ቶን ካሚዮኖች የመጀመሪያዎቹ 11.00–20 ጥንድ ጎማ ሲኖራቸው፥ ኤ1 የተባሉት 14.00–20 ነጠላ ጎማ ተገጠመላቸው፤ ኤ2 በተባሉት ላይ ደግሞ የነፋስ መቆጣጠሪያው ተጨመረ። ስለዚህ የሀና ማርያሙ ነጋዴ ያሰቡትን ለውጥ ትልልቅ ፋብሪካዎች ራሳቸው አድርገውታል።

በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ የሚበዛው ጥቁር ዋልካ አፈር የነጠላ ጎማን ጥቅም አጉልቶ ያሳያል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ ከጎማም ላይ አይላቀቅም። በጥንዶቹ መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ለስላሳ በርሜል ሆነው ባሉበት ይሽከረከራሉ። ነጠላው ጎማ ግን ጭቃውን በየጎኑ እየጣለ የፊቱን ፈር ተከትሎ ይሄዳል። ቁመቱም ከፍ ያለ ስለ ሆነ አክስሉ ከመሬት ይርቃል። ድንጋይ ለሚጭን ሰው ደግሞ ሌላ ዕረፍት አለው፤ በጥንድ ጎማ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ጎኑን እየፋቀ ጎማ መጨረሱን፥ አንዳንዴም በአስፋልት ላይ ተፈናጥሮ የኋለኛውን መኪና መስተዋት መስበሩን የማያውቅ ነጂ የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በራዲያል ጎማ ጎን ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመሸከም ኃይሉን ይነግራሉ፤ የመጀመሪያው ለነጠላ፥ ሁለተኛው ለጥንድ ነው። በገበያ የተለመደው ባለ 11.00 ልክ ራዲያል 152/149 የሚል ምልክት አለው፤ ይኸውም ነጠላ ሲሆን 3,550 ኪሎ ግራም፥ በጥንድ ሲገጠም እያንዳንዱ 3,250 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። ከታወቁት ባለ 14.00 ልክ የጦር ካሚዮን ጎማዎች አንዱ 164/160 ሲሆን በነጠላ 5,000 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በኋለኞቹ ሁለት አክስሎች ላይ ስምንት ጎማዎች በ3,250 ሲባዙ 26,000 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ አራት ጎማዎች በ5,000 ሲባዙ 20,000 ኪሎ ግራም። ልዩነቱ 6 ቶን ነው። በአንጻሩ 9.00–20 ጥንድ ጎማ ያለው አነስተኛ ካሚዮን ቢሆን፥ 144/142 የተባለው ጎማ በጥንድ 2,650 ስለሚችል በአንድ አክስል አራቱ 10,600፥ በነጠላ 14.00 የተተኩት ሁለቱ ደግሞ 10,000 ይሆናሉ፤ የሚቀነሰውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ይህን ያነበበ ሰው «6 ቶን ከማጣ ጭቃው ይሻለኛል» ሊል ይችላል። ነገር ግን የአምስት ቶን የጦር ካሚዮን አክስልና ባሌስትራ 26 ቶን እንዲሸከሙ የተሠሩ አይደሉም። ፋብሪካው ለፈቀደው ጭነት አራቱ ነጠላ ጎማዎች ይበቃሉ። ለውጡ የሚወስደው ከተፈቀደው በላይ ስንጭን ሳናውቀው የምንደገፍበትን ትርፍ አቅም ነው። ባለካሚዮኖቻችን ለምን ያህል ጭነት እንደሚያስከፍሉና ካሚዮኑ ለስንት ቶን እንደተሠራ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ይህ ትርፍ አቅም እንዴት እንደሚበላ ያውቃል፤ ይህንንም ለመናገር ማፈር የለብንም።

የጎማው ነፋስ በዋልካ ላይ ሲቀነስ የመሸከም ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል። ዚልና ኡራል ነፋሱን መልሶ የሚሞላ መሣሪያ አላቸው። የእኒህ ነጋዴ ካሚዮን ግን የለውም፤ ስለዚህ ረዳቱ አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ከፍሬኑ የነፋስ መጭመቂያ በቱቦ እየሳበ ሰባቱን እንኳ ባይሆን ስድስቱን ጎማ መሙላት ይኖርበታል። ይህን ሳያደርግ ድንጋይ ጭኖ በፍጥነት ቢነዳ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ጥንድ ጎማ ሲኖር አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ካሚዮኑን ይዞ ያቆየዋል፤ ነጠላው ሲፈነዳ ግን የሚደግፈው የለም።

ስለ ፍሬንም እንደዚሁ ነው። ባለ 11.00 ጎማ ቁመቱ ወደ 1.085 ሜትር፥ ባለ 14.00 ደግሞ ወደ 1.24 ሜትር ስለ ሆነ፥ ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ከመቶ 14 ያህል ይረዝማል። የፍጥነት መቁጠሪያው 70 ሲያሳይ ካሚዮኑ በእርግጥ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ማርሹ ሁሉ አንድ ደረጃ የከበደ ያህል ስለሚሆን በዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል። ከበሮው ግን አልተለወጠምና፥ በመሬት ላይ የሚሠራው የፍሬን ኃይል ከስምንት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። ከ9.00 ወደ 14.00 ለሚለውጥ ሰው ጉድለቱ ከዚህም ይበልጣል። በሀና ማርያም ሜዳ ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ይታወቃል።

ሁሉም ጎማዎቹ በሞተር ኃይል የሚዞሩለት ካሚዮን የፊቱም የኋላውም ጎማ ቁመት እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ የማስተላለፊያው ጥርስ ይበላሻል። ስለዚህ የፊቶቹም መለወጥ አለባቸው፤ መሪውም ይከብዳል። የሚገዛው ስድስት ጎማና አንድ ትርፍ፥ በድምሩ ሰባት ሲሆን፥ ቀድሞ ግን አሥር ጎማና አንድ ትርፍ ነበረ። በቁጥር ይቀንሳል፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ግን ከፍ ያለ ነው፥ እንደ 11.00 ጎማም በየጎሚስታው ደጅ ተሰልፎ አይገኝም።

እጅግ የሚያሳስበን ቸርኬው ነው። 11.00 ጎማ 8 ኢንች፥ 14.00 ጎማ ግን 10 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። ስለዚህ በየጋራዡ ሁለት አሮጌ ቸርኬ ቆርጦ በብየዳ ማስፋት የሚያምራቸው አሉ። ይህ መደረግ የለበትም። የዚህ ዓይነቱ ቸርኬ ጎማውን የሚይዘው ተነቃይ የብረት ቀለበት አለው፤ ቸርኬው ከተጣመመ ወይም ቀለበቱ ከዝገት የተነሣ በትክክል ካልተቀመጠ፥ ነፋስ ሲሞላ ቀለበቱ እንደ ጥይት ተወርውሮ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ይገድላል። ጎማው ሲሞላ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሊሆን፥ ረዳቱም ረጅም ቱቦ ይዞ በጎን በኩል ሊቆም ይገባል። ጎማ በተገጠመበት ቸርኬ ላይም ምንም ዓይነት ብየዳ አይፈቀድም። ከዚህ ሌላ የቸርኬው ጉድጓድ አቅጣጫ መታየት አለበት። የውስጡን ብቻ ቢያስቀሩ ትልቁ ጎማ ባሌስትራውን ይነካል፤ የውጩን ብቻ ቢያስቀሩ ክብደቱ ከኩሽኔታው ውጭ ስለሚወድቅ ሞዞውን ያደክማል። ተገቢው ቸርኬ የጎማውን መካከል ቀድሞ የጥንዶቹ መካከል በነበረበት ቦታ ላይ የሚያውል፥ የብሎኖቹም ቁጥርና ክበብ ከሞዞው ጋር የሚገጥም ነው።

የጎማው ልክ ሲለወጥ በሊብሬው ላይ የተጻፈው መግለጫና የመኪናው አካል እንዳይለያዩ፥ ለቦሎ ከመቅረብ በፊት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሥራው በኋላ መጠየቅ ሁለተኛ ወጪ ነው።

ለሀና ማርያሙ ነጋዴ የምንሰጠው ምክር እንግዲህ በሚጭኑት መጠን ላይ የተመሠረተ ነው። ካሚዮኑ ከአምስት ወይም ከስድስት ቶን የማይበልጥ ጭኖ አብዛኛውን ጊዜውን ከአስፋልት ውጭ የሚሠራ ከሆነ፥ ተገቢው ቸርኬ እስከተገኘ ድረስ ለውጡን እንደግፋለን። አሥር ቶንና ከዚያ በላይ እየጫነ የቀኑን ብዙውን ሰዓት በአስፋልት ላይ የሚውል ከሆነ ግን ጥንዶቹን ይዘው እንዲቆዩ እንመክራለን። የሚያሰጥማቸው የመጨረሻው መቶና ሁለት መቶ ሜትር ከሆነ፥ ከግንባታው ባለቤት ጋር ተስማምተው ክረምት ሳይገባ በዚያ ላይ ገረጋንቲ ቢያስደፉ ከሰባት ጎማ ዋጋ ሊያንስ ይችላል። ይህን ለመለየት አስቀድመው ካሚዮኑን ባዶውንና ተጭኖ፥ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ በሚዛን ያስመዝኑ፤ የሚዛኑንም ወረቀት ከቸርኬው ልክ ጋር ቢልኩልን ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።