የሎጋን ሰርክል ባለሱቅ እና «የማን ልጅ ነህ?» የማይባልበት ሰፈር

የስደት ድርሰት ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠብቀው እንባ ነው። ገጸ ባሕሪው እናቱን ያስባል፣ ያለቅሳል፤ ደራሲውም «ናፍቆት አንገበገበው» ብሎ አራት ነጥብ ያሳርፋል። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ወንበር ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ለሥነ ጽሑፍ ዓምድ ከተላኩልን አጫጭር ልብ ወለዶች ስንቱን እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር እንደገደለው ቤት ይቁጠረው። ሰውየው ምን ዓይነት ቤት እንደሚኖር፣ መስኮቱ ወደ ምን እንደሚያይ፣ ራቱን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚነግረን ግን ጥቂት ነበር።

የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ደጋግመን የምናነሳውም ለዚህ ነው። ዲናው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ወገናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ይህ መጽሐፍ ርእሱ ከዳንቴ የተወሰደ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሰማይ የተሸከመቻቸው ውብ ነገሮች» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ «የአብዮቱ ልጆች» ተብሎ ወጥቶ በዚያው ዓመት የጋርዲያን ጋዜጣን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።

ባለታሪኩ ሴፋ እስጢፋኖስ ይባላል። በቀይ ሽብር ዘመን ወታደሮች አዲስ አበባ ቤታቸው ገብተው አባቱን ደብድበው ይወስዱታል። ሰበብ የሆነው የቅስቀሳ ወረቀት የሴፋ ነበር። እሱም እናቱንና ወንድሙን ትቶ ይሰደዳል። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ስናገኘው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሎጋን ሰርክል ላይ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችው።

ሱቋን ልብ በሏት። መደርደሪያዎቹ አቧራ ለብሰዋል፤ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ልብ ወለድ ያነባል። የእኛ ሰው በሰው አገር ሱቅ የሚከፍተው ለምንድነው? ልጅ ሊያስተምርበት፣ ለእናቱ ሊልክበት፣ ወንድሙን ሊያስመጣበት አይደለም ወይ? ሴፋ ግን ትርፍም ኪሳራም የማይገደው ነጋዴ ነው። ደራሲው «ቤተሰብ አልነበረውም» ብሎ መጻፍ አላስፈለገውም፤ አቧራው ነግሮናል።

ከሎጋን ሰርክል ብዙም ሳይርቅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቱ ብርሃነ ሥላሴ የሚኖሩበት ረጅም ፎቅ አለ። በዚያ አካባቢ የኖረ አንባቢ ፎቁን ለማወቅ መጽሐፉን መክፈት ላያስፈልገው ይችላል! ከሞላ ጎደል በየወለሉ ያለው ሐበሻ ነው፤ የአገር ቤት ዝምድናና ሐሜት እንዳለ ተጓጉዞ ገብቶበታል። አጎትየው ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሴፋ አሜሪካ እንደገባ ያረፈው እሳቸው ዘንድ ነበር። ታዲያ ለምን ወጣ? እኛ እንደምናነበው፣ በዚያ ፎቅ ውስጥ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ለሴፋ ደግሞ ከዚህ የከበደ ጥያቄ የለም። ሎጋን ሰርክል ማንም የማይጠይቅበት ቦታ ነው። በአደባባዩ መሀል የቆሙት ጄኔራል ሎጋንም ቢሆኑ የማንንም አባት አያውቁም። ብቸኝነቱ የውቅያኖስ ርቀት ብቻ ያመጣው አይደለም፤ በባቡር ከሚደረስበት ዘመድም ሸሽቶ ነው።

ከዚያ ጁዲት የምትባል ነጭ አሜሪካዊት እዚያው ሰፈር ያለውን የፈራረሰ ባለ አራት ፎቅ የጡብ ቤት አሳድሳ ከልጇ ከናኦሚ ጋር ትገባለች። ሴፋ ራት ይጋበዛል። ሰፊ ክፍሎች፣ የተሰናዳ ገበታ... ያ ሁሉ ቤት ያለው ሰው፣ በእንግድነት! የአሥራ አንድ ዓመቷ ናኦሚ ደግሞ ሱቁ ድረስ እየመጣች አብረው የዶስቶየቭስኪን «ወንድማማቾቹ ካራማዞቭ» ያነባሉ። ስለ አባት መገደልና ስለ ልጆች ጥፋተኝነት የተጻፈ መጽሐፍ መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ እዚህ ላይ ትንፋሹ ይያዛል። ለአንድ ክረምት ያህል ያ ባንኮኒ የቤተሰብ ገበታ ይመስላል። በኋላ የጁዲት ቤት ይቃጠላል፤ እናትና ልጅም ይሄዳሉ።

«ፖለቲካው የት አለ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሴፋ ከኮንጎው ጆሴፍና ከኬንያው ኬኔት ጋር ሱቁ ውስጥ የአፍሪካን አምባገነኖችና የመፈንቅለ መንግሥት ዓመታት እየጠሩ የሚጫወቱት ጨዋታ ለእነዚህ ወገኖች ይበቃቸው ይሆናል። ለእኛ ግን ጨዋታው ሲደጋገም ይሰለቻል። ፖለቲካው ከጨዋታው ይልቅ እዚያ አቧራ ላይ ነው ያለው፤ ደርግ ያፈረሰው የአንድ ቤት ፍርስራሽ ነውና።

አንድ ቀን ሴፋ ሱቁን ሳይዘጋ ወጥቶ ወደ አጎቱ ቤት ይሄዳል። አጎትየው የሉም። ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለፕሬዚዳንቶቹ የተጻፉትን ደብዳቤዎች ያነባል። አጠገባቸው በነበረ ጊዜ ያልጠየቃቸውን ነገር ከወረቀት ላይ ያገኛል። መጽሐፉ ሲያበቃ ሴፋ ወደ ሎጋን ሰርክል ተመልሶ ከወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ሱቁን ከሩቅ እያየ።